የጋሽ ሞላ ያዘነበለ መነጽር

መነጽር ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተማርሁት አተነፋፈስ ነው። የሱቁ ባለቤት ሐጂ ኑሩ አቧራ የጠጣ ሌንስ እጄ ላይ አስቀመጡና «ተንፍሽበት» አሉኝ። እፍ አልሁበት። «ሻማ አይደለም የምታጠፊው፤ ሃ በይበት» አሉ። ሃ ስልበት ሌንሱ ጉም ለበሰ፤ በጥጥ ጨርቅ ወለወልሁት። እስከ ማታ ሃ ስል ዋልሁ። ቤት ስገባ አባቴ፣ ከደሴ መጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አለኝ። «ስተነፍስ» አልሁት። «ለመተንፈስ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ከተገኘ እኔንም አስቀጥሪኝ» አለ።

ሱቁ ባሕር ዳር ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ላወጣ ሰው ጣና ይታየዋል። ሐጂ የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ከመነጽር በፊት ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር ሌንስ ሲመርጡም በጣታቸው እያሹ ነበር። የሥራው ማዕረግ ወልዋይ፣ ብሎን አጥባቂ፣ ቆራጭ እያለ ይሄዳል። ወልዋይ ይተነፍሳል። ብሎን አጥባቂ የላላ ፍሬም ይጠግናል፤ ከእጁ ያመለጠች ብሎን ሲፈልግም ግማሽ ቀኑን ወለል ላይ ሲድህ ያሳልፋል። ቆራጭ ክቡን ሌንስ በፍሬሙ ቅርጽ ሞርዶ ይገጥማል። ከቆራጭ በላይ ሐጂ ብቻ አሉ፤ ከሐጂ በላይ ደግሞ አላህ።

እኔ ቆራጭ ስሆን የምንሞርደው ውሃ በሚንጠባጠብበት ድንጋይ ነበር። ሌንሱን በጣቴ ይዤ ድንጋዩ ላይ ሳዞር ጥፍሬም አብሮ ይሞረድ ነበር። ኋላ የፍሬሙን ቅርጽ ራሱ አንብቦ የሚቆርጥ ማሽን መጣ። ሐጂ ማሽኑን እንደ ሙሽራ ነጠላ አለበሱት፤ እኔ ከአጠገቡ ውሃ እንኳ እንዳልጠጣ ከለከሉኝ።

ማሽን ቢመጣም ያልተለወጠ ነገር አለ። ቆራጭ ደንበኛውን ወንበር ላይ ያስቀምጥና «ቀና ይበሉ» ይለዋል። ከዚያ ትይዩው ተቀምጦ ከብሌን እስከ ብሌን በማስመሪያ ይለካል፣ በቀጭን ስክሪፕቶ ምልክት ያደርጋል። ቀና በል ሲባል ሁሉም ሰው ቀጥ ይላል። ለመታወቂያ ፎቶ የሚነሣ ይመስል ትንፋሹን የሚይዝም አለ። እኔም ሰው ሁልጊዜ እንዲሁ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር።

ሐጂ ጥቁር መነጽር ሁሉ ፖላራይዝድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በተለይ ገዢ ፊታቸው ሲቆም እምነታቸው ይጠነክራል። ሙሽራ ሲመጣ ፖላራይዝድ፣ ማታ ጭፈራ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርገው ጎረምሳ ሲመጣም ፖላራይዝድ። አንድ ቀን «ፖላራይዝድ ግን ምን ማለት ነው ሐጂ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጥሩ ማለት ነው» አሉኝ።

ቁርጡን ያወቅሁት ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣልን ወኪል ጠርዛቸው ላይ አቅጣጫቸውን የሚያሳይ ትንንሽ ጭረት ያለባቸው ክብ ሌንሶች ይዞ የመጣ ዕለት ነው። ሁለቱን ደራርቦ ወደ መስኮቱ ያዛቸው፤ መንገዱ ይታያል። አንዱን ቀስ አድርጎ አዞረው። መንገዱ እየጨለመ ሄደና ድርግም አለ። ሐጂ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። «ይኼ ዕቃ ሱቄ ውስጥ አያድርም» አሉ። አደረ።

ወኪሉ ሲያስረዳ እንግሊዝኛ ስላበዛበት እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። ብርሃን ሲጓዝ ይርገበገባል። ከፀሐይ ቀጥታ የሚመጣው ሥርዓት የለውም፤ ሽቅብም፣ አግድምም፣ በሰያፍም፣ እንዳሻው ይርገበገባል። ፖላራይዝድ ያልሆነ ብርሃን የሚባለው ይኼ ነው። ያው ብርሃን በሰያፍ መጥቶ የሐይቁን ገጽ መትቶ ሲነጥር ግን አብዛኛው አግድም ብቻ የሚርገበገብ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ዓይናችሁን የሚወጋው የውሃ ነጸብራቅ እሱ ነው። ፖላራይዝድ ሆኗል ማለት ነው።

ፖላራይዝድ ሌንስን እንደ ሸንበቆ አጥር አስቡት። ረጅም ዘንግ በቁሙ የያዘ ሰው በሸንበቆዎቹ መካከል ያሾልከዋል፤ አግድም የያዘው ግን ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። የውሃው ነጸብራቅ አግድም ስለሚመጣ አጥሩ ያስቀረዋል። ከውሃው ሥር ካለው ድንጋይ የሚመጣው ብርሃን ድብልቅ ስለሆነ ግማሽ ያህሉ አልፎ ዓይናችሁ ይደርሳል። ተራ ጥቁር መስታወት ግን አጥር የለውም፤ መጋረጃ ነው፤ ነጸብራቁንም ድንጋዩንም እኩል ያጨልማል።

የሞባይል ስክሪን ብርሃንም ፖላራይዝድ ስለሆነ ለመፈተኛ ይሆናል። መነጽሩን ስክሪኑ ፊት ስታዞሩት ከጨለመ እውነተኛ ነው። የሐጂን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር በስልኬ ፈተሽሁት። ከጥቂቶቹ በቀር ንቅንቅ ያለ የለም። «ስልክሽ ተበላሽቷል» አሉኝ ሐጂ። በራሳቸው ስልክ ሞከሩት። «የእኔም ተበላሽቷል» አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን መደርደሪያውን «ፖላራይዝድ» እና «ጥቁር» ብለው ለሁለት ከፈሉት። በሐጂ ቤት ይህ ከይቅርታ ይቆጠራል።

ጋሽ ሞላ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ነጂ ናቸው። «ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊቴን ስትይዘው ሐይቁ አዲስ ቆርቆሮ ይሆንብኛል» አሉ። የዓይን ሐኪም አይቷቸው ዓይናቸው ደኅና ነው ተብለዋል። ግን የአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ በሞተራቸው ቆርጠዋል። ቆይቶም ሰው የተቀመጠበት ታንኳ ለጥቂት ስተው አልፈዋል። የጀልባ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ጌጡ አስጠርተዋቸው፣ ሌላ ስሞታ ከመጣ ሞተሩን ለሌላ ነጂ ሰጥተው እሳቸውን ቲኬት ቤት እንደሚያስቀምጧቸው ነግረዋቸዋል።

«ቲኬት ቤት ምን አለበት?» አሉ ሐጂ። «ጥላ አለው፣ ወንበር አለው።»

«መስኮቱ ወደ አስፋልቱ ነው» አሉ ጋሽ ሞላ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሐይቁ ጀርባዬን ሰጥቼ ውዬ አላውቅም። እዚያ ካስቀመጡኝ ዓመት አልቆይም።» ይህን ሲሉ አልቀለዱም። ሐጂ ወንበሩን ሳቡላቸው።

ቀና ይበሉ አልኋቸው፤ እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። ለካሁ፣ ቆረጥሁ፣ ገጠምሁ። እስከ ሐይቁ ዳር አብሬያቸው ሄድሁ። ቆመው ወደ ውሃው አዩና ከሥሩ ያሉትን ድንጋዮች በጣታቸው ያሳዩኝ ጀመር። ጣና እንደ ብርጭቆ የጠራ አይደለም፤ ክንድ ያህል ወደ ታች ካሳየ ብዙ ነው። ለመረብና ለድንጋይ ግን ክንድ ይበቃል። ጋሽ ሞላ መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔም ኮራ ብዬ ወደ ሱቁ ተመለስሁ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። መነጽሩን አውልቀው ፊቴ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይኼ ነገር መሬት ላይ እንጂ ውሃ ላይ አይሠራም» አሉ።

በስልኬ ፈተሽሁት፤ ጨለመ። እንደገና ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸው፤ ቆመው አዩና ድንጋዩ እንደሚታያቸው አመኑ። «እዚህማ ያሳየኛል። ሞተሩ ጋ ስቀመጥ ነው የሚከዳኝ» አሉ። ወደ ሱቅ ተመልሰን ለሐጂ ነገርናቸው። ሐጂ ጺማቸውን እያሹ ብዙ አሰቡ። «እንግዲያው የተበላሸው ጀልባው ነው» አሉ።

እኔ ተናደድሁ። መነጽሩ እውነተኛ፣ የሰውየው ዓይን ደኅና፣ ሐይቁም ያው ሐይቅ። ከሦስቱ አንዱ እየዋሸኝ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማየት በጀልባው ልሳፈር ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ቆራጭ ጀልባ ላይ ምን ትሠራለች?» አሉ ሐጂ።

«ትተነፍሳለች» አልኋቸው።

የተሳፈርነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሐሙሲት ለሽርሽር የመጡ መምህራን ጀልባውን ሞልተውት ነበር። ጀልባው በብረት ቋሚዎች ላይ የተዘረጋ ሸራ አለው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ነጂው የሞተሩን እጀታ ይዞ ከኋላ በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ከመምህራኑ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ሲነሡ፣ ስልክ ሲያወጡ፣ ሲተቃቀፉ፣ ፎቶ ሲነሡ፣ ጋሽ ሞላ ፊት የቆመ ትከሻ እንጂ ሐይቅ አልነበረም።

እኔ ከፊት ሆኜ ወደ ኋላ ዞሬ አየኋቸው። ጋሽ ሞላ ከትከሻዎቹ ለማምለጥ ሰውነታቸውን ከጀልባው ወደ ውጭ አዘንብለው፣ ቀኝ ጉንጫቸውን የሸራው ቋሚ ላይ አስደግፈው ይነዳሉ። ቋሚው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። የጋሽ ሞላ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ቀለሙ ተልጦ ብረቱ እንደ ማንኪያ ያብለጨልጫል። ሳላስበው ሳቅሁ። መምህራኑ ፎቶ የማነሣቸው መስሏቸው እነሱም ሳቁ።

በሰው መካከል እየተጋፋሁ ከኋላ ደረስሁ። «ጋሽ ሞላ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ተጋድመው ነው የሚነዱት?» አልኋቸው።

«ማን ተጋደመ?» አሉ። «ቀጥ ብዬ ነው እንጂ የተቀመጥሁ።»

«እንግዲያው ሐይቁ ነዋ የተጋደመው። እስቲ ጉንጭዎን ከብረቱ ያንሡት።»

እያጉረመረሙ ቀና አሉ። ወደ ውሃው አዩ። «አሁን ውሃው ተገለጠልኝ» አሉ። «ምን ያደርጋል፤ መንገዱን ይኼ መምህር በትከሻው ያዘብኝ።» ተመልሰው ጉንጫቸውን ብረቱ ላይ አደረጉት። «አሁን ደግሞ ቆርቆሮው መጣ።»

ነገሩ ገባኝ። የሸንበቆው አጥር የሚያስቀረው ቀጥ ብሎ ከቆመ ነው። አጥሩን ገፍታችሁ ካዘነበላችሁት አግድም የመጣው ዘንግ መሹለኪያ ያገኛል። ጋሽ ሞላ አንገታቸውን ሲያዘነብሉ ሌንሱም አብሮ ያዘነብላል፤ ሐይቁ ግን ለእሳቸው ብሎ አያዘነብልም፤ ነጸብራቁ ያው አግድም እንደሆነ ይመጣና ያልፋል። ሱቅ ውስጥ ቀና ይበሉ ያልኋቸው እኔ ነኝ። የቆረጥሁት ወንበር ላይ ለተቀመጠ አንድ ጨዋ ሰውዬ እንጂ ለጀልባ ነጂ አልነበረም።

ከዚህ ወዲያ ቆመው ይንዱ ብላቸው ጉልበታቸው አይችልም። መምህር ተቀመጥ ቢባል አይቀመጥም። የቀረኝ ሌንሱን ማዘንበል ነው። ሌንሱ የሚያጎላም የሚያሳንስም ስላልሆነ እንደፈለግሁ ባዞረው ችግር የለውም።

ያልተቆረጡ ክብ ሌንሶችና ስክሪፕቶ ይዤ እንደገና ተሳፈርሁ። ሐጂ ሌንሶቹን በየተራ በጣታቸው አሽተው ከተሰናበቷቸው በኋላ ነው የለቀቁኝ። ወደ ዳር ጠጋ ብለን ሞተሩን አጠፋን። ጋሽ ሞላ ባዶ ፍሬማቸውን አድርገው ጉንጫቸውን ብረቱ ላይ አስደገፉ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክቡን ሌንስ በክፍቱ ዓይናቸው ፊት ይዤ ቀስ እያልሁ አዞር ጀመር።

«አልመጣም» አሉ። አዞርሁ። «አልመጣም።» ጥቂት ጨመርሁ። «ቆይ፣ ቆይ። መጣ።»

«ምኑ?»

«ድንጋዩ። ከነአረንጓዴ ጠጉሩ።»

ሌንሱ ላይ ከፍሬሙ ትይዩ ምልክት አደረግሁ። ሌላውንም ዓይን እንዲሁ። አዲስ ቆራጮች ይህን ስሙኝ፤ ምልክቱን እዚያው ሰውየው ፊት ላይ እያለ አድርጉት። ሱቅ ተመልሳችሁ ከትዝታ ብትቆርጡ የደንበኛው ቀኝ የእናንተ ግራ ይሆንና ሌንሱን በተቃራኒው ታዘነብሉታላችሁ፤ ያኔ ከበፊቱ ይብሳል።

ማሽኑ ውስጥ ሳስገባው ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «አጋድመሽ አስገባሽው» አሉ። አዎ አልሁ። «ለሰካራም ነው?» አሉ። ገጥሜ ስጨርስ ነጥቀው አደረጉትና በሩ ላይ ቆመው ሐይቁን አዩ። «ይኼ ከጥቁሩ መደርደሪያ ነው፤ ምንም አላየሁበትም» አሉ። «አንገትዎን ወደ ቀኝ ያዘንብሉ» አልኋቸው። አዘነበሉ። ባጃጅ አልፎ፣ ሰው አልፎ፣ እሳቸው እንዳዘነበሉ ቀሩ። «ሱብሃነላህ» አሉና መነጽሩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ሊቀመንበሩ አቶ ጌጡ ሌላ ስሞታ እስኪመጣ መጠበቅ ስላልፈለጉ ጋሽ ሞላን በአንድ ጉዞ ሊያዩዋቸው ወሰኑ። ያ ጉዞ ደኅና ከሄደ ሞተሩ አይነካም፤ ካልሄደ ማግስቱን ቲኬት ቤት። እኔም ተሳፈርሁ። አቶ ጌጡ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። አየት ሳደርገው ከእኛው ሱቅ፣ ሐጂ ጥቁሩን ሁሉ ፖላራይዝድ ከሚሉበት ዘመን የተገዛ ነው። አልነገርኋቸውም። የጋሽ ሞላን ሌንስ በትክክል እንዳዞርሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፈራሁ።

ፀሐይ ፊታችንን ያዘችን። ሐይቁ ቆርቆሮ ሆነ። ጋሽ ሞላ ጉንጫቸው ብረቱ ላይ ነው። ድንገት ሞተሩን ቀነስ አድርገው ወደ ግራ ታጠፉ።

«ምን ሆንህ ሞላ?» አሉ አቶ ጌጡ።

«መረብ አለ።»

«የታለ? ምልክት የታለው? እኔ ምንም አላየሁም።»

«ምልክቱ ጠልቋል። ገመዱ ግን ከውሃው በታች ይታየኛል።»

አቶ ጌጡ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጎንበስ አሉ። ለመረቡ ምልክት የታሰረው፣ ግማሽ ውሃ የገባበት ላስቲክ ጠርሙስ አጠገባችን ሲደርስ ብቻ ከማዕበሉ ብቅ አለ። ገመዱን በጎን ትተነው አለፍን። ከወዲያ ማዶ ታንኳው ላይ ቆሞ ሊሳደብ አፉን የከፈተ ሰው ነበር፤ ያው መረቡ የተቆረጠበት ዓሣ አጥማጅ ነው። አፉን ዘጋና መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ሰላም አለ። ጋሽ ሞላ እጃቸውን ከእጀታው ሳያነሡ በአገጫቸው መለሱለት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ፀሐይዋ ነው ብዬ አሳበብሁ።

አቶ ጌጡ የጋሽ ሞላን መነጽር ተቀብለው አደረጉት። ቀጥ ብለው ቆመው ወደ ውሃው አዩ። «ምን አለው ይኼ? የእኔ ይሻላል» አሉ።

«ጉንጭህን ብረቱ ላይ አድርገው» አሉ ጋሽ ሞላ።

አቶ ጌጡ እኔን አዩኝ። ሊቀመንበር በሕዝብ ፊት ብረት አይስምም። ቢሆንም ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን የተላጠው ብረት ላይ አስደገፉ። በጣም ቆዩ። ሲነሡ ጉንጫቸው ላይ ከተላጠው ዳር የተፈረፈረ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቆ ነበር፤ ማንም አልነገራቸውም። «ለቲኬት ቤት ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉ።

ወሬው ወደቡን አዳረሰ። ነጂዎቹ ሁሉ የጋሽ ሞላን መነጽር ስጡን እያሉ መጡ። ሐጂ «ያዘነበለ» የሚል ሦስተኛ መደርደሪያ ሊከፍቱ እንጨት ሲያስለኩ ደረስሁባቸው። እምቢ አልሁ። በየጀልባው እየሄድሁ አየኋቸው። አንዱ ቆሞ ይነዳል፤ ለእሱ ቀጥ ያለው ይበቃዋል። አንዱ በግራ ነው የሚያዘነብለው። አንዱ ደግሞ መንገዱን ሳይሆን ተሳፋሪዎቹን ሴቶች ነው የሚያየው፤ ለእሱ የሚሆን ሌንስ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሞላ ሱቅ መጡ። ማንም ሳያስወርዳቸው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ ሞተሩን በፈቃዳቸው ለልጃቸው አስረክበዋል። «ከእንግዲህ ከፊት የምቀመጥ ተሳፋሪ ነኝ» አሉኝ። «ትከሻ የሚከልለኝ የለም። ቀጥ ያለውን ሥሪልኝ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ሳልናገር እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። ደስ አለኝ። ለካሁና ቀጥ አድርጌ ቆረጥሁላቸው።

ሆኖም አላመንኋቸውም። ከሰዓት በኋላ ወደ ወደቡ ወርጄ የልጃቸውን ጀልባ ጠበቅሁ። ጋሽ ሞላ እውነትም ከፊት ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ የሚከልላቸው አንድም ትከሻ የለም። ግራ ጉንጫቸውን የግራው ቋሚ ላይ አስደግፈዋል፤ መነጽሩንም አውልቀው ኪሳቸው ከተውታል።

ክብ ሌንስና ስክሪፕቶ ይዤ ተሳፈርሁ። ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት በሚውልበት ቦታ ሄዳችሁ እዩት።